የጁሀራ እርግማን

ጁሀራ ባሏ ሲሞት የቀረላት ሀብት ንብ ብቻ ነበር። መሬቱ የባላምባራስ ገብረ መድኅን ነው። ከበሬዎቹ አንዱ ለሰደቃ ታርዷል፤ ሌላው ለመድኃኒትና ለሐኪም ቤት ምልልስ ተሸጦ አልቋል። ቀፎዎቹን ግን ማንም አልነካባትም። ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጎጆዋ ጀርባ፣ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ አለ። ሟቹ ከሸንበቆ ሠርቶ፣ በእበት ለቅልቆ፣ በጭስ አጥኖ የሰቀላቸው እዚያ ላይ ነው። ዛፉ አልበቃ ሲለው የተረፉትን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደርድሯቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ሰው ተሳሳቀባት። «ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ወጥታ ማር ልትቆርጥ ነው?» ተባለ። ያስተማራት የባሏ ታናሽ ወንድም ወዚር ነው። ገመዱን ወገቧ ላይ እንዴት እንደምታስር፣ ጭሱን በየት በኩል እንደምትሰድ፣ ለንቦቹ ስንቅ ምን ያህል እንደምትተውላቸው አሳያት። እሷ ስትወጣ እሱ ከታች ሆኖ እየጮኸ ይመራታል፤ ስትሳሳት ይስቅባታል፤ ስትወርድ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ገምሶ ይበላል። እያደር ሰውም ለመደው። ማሯ ነጭና ጥሩ ስለነበረ የሮቤ ጠጅ ጣዮች ገና ሳትቆርጠው ቀጠሮ ይይዙላት ጀመር።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ዙቤዳ። ዙቤዳ ለጊኒሩ ከብት ነጋዴ ልጅ ለዲኖ ታጭታለች። ኒካው ከመኸር በኋላ ሊታሰር ቃል ተገብቷል። ልጅቱ ሳቂታ ናት፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድም ስትመለስም ታንጎራጉራለች። ጁሀራ ማታ ማታ የንቦቹን እምምታ እየሰማች የሠርጉን ድግስ በልቧ ታሰላ ነበር። ለእንግዳው የሚቀርበው ማር ከሌላ ቤት አይመጣም፤ ያ ኩራቷ ነው።

የባሌው ዓመፅ በርዶ፣ ጫካ የገባው ሰው እጁን ሰጥቶ በተመለሰ ማግስት ባላምባራስ ገብረ መድኅን ትራክተር አስመጡ። ትራክተሩ ሲመጣ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። ወዚርም ተነቀለ። ያልተነቀሉት በየጥጋጥጉ የተተወላቸውን ቁራሽ መሬት ይዘው፣ ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ይሆናል እያሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ባላምባራስ ሰፊውን ሜዳ በሙሉ ስንዴ ዘሩበት። ስንዴው ጉልበት ላይ ሲደርስ ተምች ገባበት።

ያኔ ነው በርሜሉ የመጣው። አገሬው «ቆሪቻ» አለው፣ መድኃኒት ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ፣ መርጫውን በጀርባቸው አሳዝሎ፣ እንዴት ከውኃ ጋር እንደሚቀላቅሉት አሳይቷቸው ተመለሰ። ወዚር ከእነሱ አንዱ ነበር። መሬት ላጣ ሰው ያ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ጁሀራ ወሬውን እንደሰማች ጠራችው።

«ወዚር፣ ይኼ ነገር ትል ከገደለ ንብ አይምርም። ስትረጩ አስቀድመህ ንገረኝ። አመሻሹ ላይ ገብተው ሲያልቁ የቀፎውን አፍ በጨርቅ ደፍኜ አውላቸዋለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው፣ ሀደ ዙቤዳ?» አለ ወዚር። የዙቤዳ እናት ብሎ ነው የሚጠራት፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «የወንድሜ ቀፎ አይደለም እንዴ? ራሴ መጥቼ እደፍንልሻለሁ።»

እሷም አመነችው።

ባቄላው በየማሳው አብቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ከኮሶው ሥር የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ወንዝ የሚወርድ ይመስለዋል፣ ንቡ እንዲያ ነው የሚያስገመግመው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጁሀራ ጎመን ስትኮተኩት ጆሮዋ ጭር አለባት። ቀና ስትል እምምታው የለም። ከባቄላው ማሳ በኩል የሚመለሱት ንቦች እንደሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ነው የሚበሩት። አንዳንዱ ቀፎው አፍ ላይ ለማረፍ ሞክሮ ይስታል፤ ይወድቃል፤ መሬት ላይ በጀርባው ተገልብጦ እግሩን እያራገበ ይሽከረከራል። ከቀፎው ውስጥ ያሉት ደግሞ የመጣውን ይነክሱታል፤ ሽታው ስለተለወጠባቸው ጠላት መስሏቸዋል። ጁሀራ መኮትኮቻዋን ጥላ ሮጠች። ግን ወዴት ነው የሚሮጠው? ጨርቅ ይዛ የቀፎውን አፍ ልትደፍን አሰበች፤ ገና ያልተመለሱት ደጅ ሊቀሩ ነው። ተወችው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ በመዳፏ ታነሳቸው ጀመር። ምላሳቸው ወጥቶ ቀርቷል።

«እማዬ፣ ይነድፉሻል!» አለች ዙቤዳ ከኋላዋ።

«ምን አቅም አላቸው ብለሽ ነው።»

እስከ ማታ ድረስ ከኮሶው ሥር ያለው መሬት ጠቆረ። በመጥረጊያ ጠርጋ በሰፌድ አፈሰቻቸው። በነጋታው ከየቀፎው የተረፉት ጥቂቶች እጮቻቸውን እየጎተቱ ወደ ደጅ ሲጥሉ አየች። ከዚያም እነሱም አለቁ። የሞተው ደግሞ ንብ ብቻ አልነበረም። በማሳው ዳር ቢራቢሮው፣ ጥንዚዛው፣ በአፈር ውስጥ ጎጆ የሚሠራው ያ ጸጉራሙ ዝንብ ሁሉ ረግፏል። ተምቹን የለቀሙ ወፎችም ከአጥሩ ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው ተገኙ።

ወዚር ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ በሦስተኛው መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ሰው ልልክልሽ ነበር» አለ።

«ማንን ልትልክ?»

«ጠዋት ባላምባራስ ራሳቸው ማሳው ድረስ መጡ። ተምቹ ነገ አገር ያጠፋል፣ ዛሬውኑ ይረጭ አሉ። ትቼ ብመጣ መርጫውን ለሌላ ሰው ነው የሚያዝሉት። ልጆች አሉኝ፣ ሀደ ዙቤዳ።»

«ይሁን። ስንዴው የሳቸው ነው። የጎረቤቶቻችንንስ ባቄላ? እሱንም ባላምባራስ አዘዙህ?»

ወዚር መሬት መሬት አየ።

«ቅጠሉን የሚመጥ ክሽክሽ ወርሮት ነበር። ተምቹ እንዴት እንደረገፈ አዩና ለእኛም የተራረፈውን ጣል አድርግልን ብለው ለመኑኝ። ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። እምቢ ማለት አፈርኩ።»

«እኔንስ አላፈርከኝም?»

ጁሀራ ያቺን ቀን ያልጮኸችው ስላልተናደደች አይደለም። የባሏን ፊት በወንድሙ ፊት ላይ ስላየችው ነው። ገብታ በሩን ዘጋች።

በገበያው ቀን ሮቤ ወረደች። ባላምባራስ ገብረ መድኅን በቆርቆሮ ክዳን ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋቢ ደርበው ነበር። አያታቸው ከሰሜን መጥተው በዚህ አገር መሬት የተተከሉ ሰው ናቸው። ባላምባራስ ግን ኦሮሚኛውን እንደ እናት ቋንቋቸው ነው የሚናገሩት፤ ሰላምታዋንም በእሱ ነው የመለሱላት። ጉዳይዋን እስክትጨርስ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ንብሽ በእኔ እርሻ ላይ ምን ይሠራ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «በግሽ እርሻዬ ገብቶ ሆዱ ተነፍቶ ቢሞት ትከስሺኛለሽ?»

«ጌታዬ፣ በየዓመቱ ከማሩ ሲሶውን ሳመጣልዎ ከየትኛው እርሻ አበባ ነው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ባላምባራስ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም።

«ምላስሽ እንደ ንብሽ ነው። ስሚኝ፣ ጁሀራ። መሬቱ ላይ የተውኩሽ ለሟቹ ስል ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቀፎና ስለ ዝንብ ቢከሰኝ አገር በምን ዳቦ ይበላል? የአገር ሽማግሌ ይይላችሁ። ይክፈሉ ካሉኝ እከፍላለሁ።»

ባላምባራስ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ ያውቁ ነበር። እሷም ልቧ ሳያውቅ አልቀረም፤ ግን ሰው ከተገፋ ወደ ወገኑ ነው የሚሄደው። ጉባኤው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ሼህ አብዱልሃኪም መሐል ሆኑ፤ ኦቦ ቱሉና ሌሎቹ ግራና ቀኝ። ጎረቤቶቿ በሙሉ መጥተው ነበር፤ ግን መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ማንም ፊቷን አያይም። ከመካከላቸው ባቄላውን ያላስረጨ ሰው የለም። ባላምባራስ ይክፈሉ ከተባለ እነሱም ይክፈሉ ሊባል ነው። ደግሞስ ባላምባራስን ያስቀየመ ሰው የያዛትን ጥግ ይዞ ይቀራል?

«ልጄ» አሉ ሼህ አብዱልሃኪም፣ «ንብ የአላህ ፍጥረት ነው። ክንፍ ያለው ነገር ድንበር የለውም። ሰውም ሰብሉን ከተባይ ማዳን መብቱ ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም። አንቺም ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብለሽ አልፈሽ ይቅር በይ። ኦቦ ቱሉ አንድ ኅብረ ንብ ከጫካ ይዞ ይሰጥሻል።»

«የት ላሳድረው?» አለች ጁሀራ። «በማግስቱ ያው ቆሪቻ አይደለም እንዴ የሚጠብቀው? ከእንግዲህ አበባ ላይ አንረጭም በሉኝና እኔም ይቅር ልበል። ካሳውም ይቅርብኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ቃል ለባላምባራስ የሚያደርስላቸው ሰው ከመካከላቸው የለም።

«እሱ ከእኛ በላይ ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ጁሀራ ብድግ አለች። የተቀመጠችበትን አቧራ ከቀሚሷ አራገፈች። ወዚር ከሰዉ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እሺ» አለች። «ንብ አያስፈልገንም ማለታችሁ ነው። ያለ ንብ ኑሩና እዩት እንግዲህ!»

ይኸው ነው ያለችው። ለማንም ክፉ አልተመኘችም፤ ንዴቷን ነው የተናገረችው። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የሰሚው ነው።

ባቄላው ዓይን የሚያጠግብ አበባ ነበረው። አበባው ሲረግፍ ግን ከአገዳው ላይ የሚንጠለጠል ነገር ጠፋ። እዚህም እዚያም አንዳንድ ፍሬ ይታያል፤ ሴቶቹ እሸት ነው ብለው ቀጥፈው ሲፈለቅቁት ከውስጡ ባዶ ነው፣ ወይም አንዲት የጨነገፈች ፍሬ ተለጥፋበታለች። ክሽክሹ ጠፍቷል፤ ቅጠሉ ለምልሟል፤ ታዲያ ባቄላው የት ሄደ? ከጉድጓዱ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው መጀመሪያ ያነሱት።

«አቧራዋን አራግፋብን የለም እንዴ!»

«ያለ ንብ ኑሩ ብላ ነበር። አባርሳ ነው፤ ረግማናለች።»

ከዚያ ወዚር ታመመ። ያስመልሰዋል፤ ምራቁ ያለማቋረጥ ይዝረበረባል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ኩባያ መያዝ አቃተው። ከመርጫው የሚንጠባጠበው ቆሪቻ በሸሚዙ አልፎ ጀርባውን ሲያርሰው ነው የከረመው፤ በታጠበ እጅም ሳይሆን በረጨበት እጁ ነው ምሳውን ሲበላ የኖረው። ነገር ግን እንዲህ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያሰበው ከዋርካው ሥር የተነገረውን ነው።

ጁሀራ መታመሙን ስትሰማ ወተት ይዛ ሄደች። ሚስቱ ረቢያ ደጃፉ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«አትግቢ፣ በአላህ። ይብቃሽ።»

«ምን አደረግኩት?»

«ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው። ጥፋት አጥፍቷል፤ እኔም አውቃለሁ። ማሪልኝ።»

ረቢያ ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር። ጁሀራ ወተቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ከአጥሩ ሳትርቅ ዘወር ብላ ስታይ ረቢያ ወተቱን መሬት ላይ ስትደፋው አየች።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ በግ እየጎተቱ የመጡት። እነዚያው ናቸው፤ ሼህ አብዱልሃኪም፣ ኦቦ ቱሉ፣ ሌሎቹም። ለንቦቿ ሞት አንድ ቀን ደጇን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አሁን ጫማቸውን አውልቀው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ ሼሁ፣ «በድለንሻል። እርግማንሽን አንሺልን።»

«ሼህ፣ ወላሂ ማንንም አልረገምኩም። ባቄላችሁን ባዶ ያደረገው ያ ቆሪቻ ነው። አበባውን የሚዞርለት ንብ ነበር፤ ንቡን ገደላችሁት። ወዚርንም ያሳመመው እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሽታውን ቀርባችሁ አላያችሁትም?»

ሽማግሌዎቹ ቃሏን ሳይሆን ቁጣዋን ነበር የሚያዳምጡት። ስትጨርስ ኦቦ ቱሉ በጉን ወደ ፊት ሳብ አደረጉት።

«እንዳልሽው ይሁን። ብቻ አንሺልን።»

ጁሀራ ያን ጊዜ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። እውነቱን ብትነግራቸው አይሰሙም። ሐሰቱን ግን ገና አፏን ሳትከፍት አምነው መጥተዋል። ሽማግሌዎቹን አሻግራ የሚቀጥለውን ዘር የሚጠብቀውን ማሳ አየች፤ ከኮሶው ላይ የተሰቀሉትን ባዶ ቀፎዎች አየች። አላህ ይቅር ይበለኝ አለች በልቧ።

«አነሳዋለሁ» አለች። «ግን ሰብል ባበበ ጊዜ ያን ነገር የሚረጭ እጅ ካለ በእሱና በቤቱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ያኔ ማንሳት አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ። በጉን አርደው ዱዓ አደረጉ፤ ሄዱ። ስጋውን ጁሀራ አልቀመሰችውም።

ወዚር መርጫውን ከጀርባው ካወረደ ሰነበተና ነፍሱ መለስ አለች፤ እጁ ግን እንደድሮው አልሆነም። ይህም የጁሀራን ቃል አጸናው። ከጭሰኞቹ መካከል ቆሪቻውን የሚነካ ጠፋ። ባላምባራስ ነገሩን ሰምተው በረንዳቸው ላይ ሆነው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ የጁሀራን ስም ሰምተው የማያውቁ ሰዎችን ከናዝሬት አስመጡ። በሰፊው ሜዳ ስንዴውም፣ ርጭቱም እንደቀድሞው ቀጠለ። ኦቦ ቱሉ ቃላቸውን ጠብቀው ከጫካ ያመጡላት ኅብረ ንብ አንድ ወቅት ሳይሞላው ከዚያው ሜዳ ሲመለስ አለቀ።

ከጊኒር ሰው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የዲኖ አጎት ነበር፤ ቁጭ ብሎ ውኃ እንኳ አልጠጣም።

«ወንድሜ ሰላም ብሏል» አለ። «ልጅቱ ላይ ምንም እንከን አላገኘንም። ግን እናንተ ቤት አባርሳ አለ ይባላል። አፉ የሚይዝ ሰው ልጅ ቤታችን ብናስገባ ነገ ከብቱ ላይ፣ ልጁ ላይ ምን እንደሚመጣ አናውቅም። ኒካው ይቅር።»

ዙቤዳ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሰውየው እንደወጣ እናቷ ፊት ቆመች።

«አልረገምኩም በያቸው!»

«ብዬ ነበር። ማን ሰማኝ?»

«ያን ጊዜ ብለሽ ነበር። በኋላ ግን አነሳዋለሁ አልሽ! በራስሽ አፍ ረግሜያለሁ ብለሻል። ለምን? ለንብ ብለሽ?»

ጁሀራ በነጋታው ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጊኒር ጉዞ ጀመረች፤ ከገበያተኛ ጋር በእግርም በጭነት መኪናም ደረሰች። የዲኖን አባት በበረቱ ደጅ አገኘችው። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው፤ ምንም አልደበቀችም። ሰውየው ጨዋ ሰው ነበር፤ አንድም ቃል ሳያቋርጥ ሰማት።

«አዴ ጁሀራ» አላት በአክብሮት፣ «ሽማግሌ ፊት ረግሜያለሁ ብለሻል። እኔ ፊት ደግሞ ዋሽቻለሁ አልሽ። የትኛውን ልመን? ብትረግሚ እፈራሻለሁ። ብትዋሺ ደግሞ ሐሰተኛ ዘመድ አልፈልግም።»

ዳቦና ወተት አቀረበላት። አልበላችም።

ዙቤዳ ሶፍ ዑመር አጠገብ ወዳለችው አክስቷ ሄደች፤ ማንም ወደማያውቃት አገር። ስትሄድ እናቷን ሳመቻት፤ ግን ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ በመንገደኛ ይመጣል። ራሷ አትመጣም።

በሚቀጥለው ወቅት ባቄላው እንደገና አበበ። ነጭ አበባው፣ መሐሉ ላይ ያቺ ጥቁር ነጥብ ያለችበት፣ ማሳውን ሞላው። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጥቂት ዝንቦች ይዞሩበታል እንጂ እምምታ የለም። ጁሀራ ማልዳ ተነስታ ደጃፏን ስትጠርግ ረቢያ አጥሩ ጋ ቆማ አየቻት። በትንሽ ቅል ቅቤ ይዛለች። እንደሌሎቹ ጎረቤቶች ሁሉ ከአጥሩ ወዲህ አልገባም ብላለች፤ ቅሉን በሁለት እጇ ዘረጋች።

«አዴ ጁሀራ፣ በጓሯችን ለዘራናት ባቄላ ዱዓ አድርጊልን። እኛ አልረጨንም። ወዚርም አልነካም፣ ወላሂ።»

ያኔ ነፋሱ ከባላምባራስ ሜዳ በኩል መጣ። ሽታውን ሁለቱም አወቁት። ከስንዴው መሐል መርጫ ያዘሉ ሰዎች ጀርባ ብቅ ጥልቅ ይላል። ረቢያ ሽታው እንዳልደረሳት ሆና ዓይኗን ከጁሀራ ላይ አልነቀለችም።

ጁሀራ ባለፈው ዓመት ይህችን ሴት ማስረዳት ትፈልግ ነበር። አሁን የቱን ብላ ትጀምር?

«አላህ ይባርክላችሁ» አለቻት።

ረቢያ «አሚን» ብላ እፎይ አለች። ጁሀራ ቅቤውን ተቀበለች። አልፈለገችውም። ግን ባትቀበላት ረቢያ ሌሊቱን ሙሉ በፍርሃት ስታለቅስ እንደምታድር ታውቅ ነበር።